አዲሱ ፒክአፕ ስንት ኩንታል ይችላል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ቻርጅ ስለሚደረገው ስለ ቢዋይዲ ሻርክ ፒክአፕ አንድ ሁለት ነገር ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ከዚሁ ከሐዋሳ፣ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ አንዱ ደግሞ ከዳዬ ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ቅር እንዳይላችሁ።

ሃይሉክስ ልግዛ ወይስ ሻርክ?

ጠያቂው የሐዋሳ ልጅ ነው። ሻርኩ በ5.7 ሰከንድ 100 እንደሚገባ፣ ስክሪኑ እንደሚዞር፣ ካሜራው ዙሪያውን እንደሚያሳይ ዘርዝሮ ጽፏል። ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ግን አንድ ቃል የለም። ወንድሜ፣ መጀመሪያ እሱን ንገረኝ እንጂ! ፒክአፕ የሚመረጠው በሥራው ነው።

ሻርክ እ.ኤ.አ. በ2024 ሜክሲኮ ውስጥ ነው መጀመሪያ የወጣው። 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና 29.58 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው። አምራቹ በባትሪ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ይላል። ከዚያ ቤንዚኑ ይረከባል። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ማደያ ሰልፍ ላይ የምትቆምበት ቀን ይቀንሳል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላ ደግሞ ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነት የሚሸከመው የተደራረበ ዝርግ ብረት፣ የለውም፤ አራቱም ጎማ በየራሱ ሞላ ላይ ነው። ባዶውን ኮረኮንች ላይ ሲሄድ የቤት መኪና ነው የሚመስለው።

ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። የናፍጣው 2.8 ሊትር ሞተር 3.5 ቶን ተጎታች ይጎትታል፤ ሻርኩ 2.5 ቶን። አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅሰው ፎር ዊሉ «ሎው» የሚባል፣ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር ማርሽ አለው። ሻርኩ ሲወጣ ይሄ አልነበረውም። በክረምት ወደ ዳዬ ገጠር ገብቶ ጭቃ የያዘው ሰው «ሎው» ምን እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ላይ ሃይሉክስን የማያውቅ መካኒክ የለም። ቤተሰብ ይዘህ አስፋልት ላይ ከሆንክ ሻርኩ ይመችሃል። እርሻ ከሆነ ሥራህ፣ ሃይሉክስ ወይም የአይሱዙው ፒክአፕ ዲማክስ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ አግዷል። ሻርክ ሙሉ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ የቤንዚን ሞተር አለው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የሞዴሉን ስም ይዘህ ጉምሩክ ሂድና በአካል ጠይቅ። ደላላው «ይገባል፣ ግድ የለህም» ስላለህ ብር እንዳታወጣ።

ነጭ ይሻላል ወይስ ግራጫ?

ነጭ። ፀሐይ ያን ያህል አያግለውም፤ ሲጫርም ቀለሙ በቀላሉ ይገኛል።

አሮጌው 15 ኩንታል ይጭን ነበር፤ አዲሱስ?

የጻፉልኝ አለታ ወንዶ የሚኖሩ፣ ቡና የሚነግዱ እናት ናቸው። ባሌስትራ ያስጨመሩበት አሮጌ ፒክአፕ አላቸው። ቡና ሲደርስ 15 ኩንታል ይጭኑበታል፤ ከላይ ደግሞ ሠራተኞቹ ይቀመጣሉ። አሁን ልጃቸው አዲስ እንግዛ እያለ ነው። አዲሱ ያንኑ ያህል ይችል እንደሆነ ነው ጥያቄያቸው።

እማማ፣ አሮጌውም አይችልም ነበር። እንደምንም ተሸክሞት ነው እንጂ።

መካከለኛ ፒክአፕ የሚባሉት፣ ሃይሉክስም፣ ዲማክስም፣ ሬንጀርም፣ የሚሸከሙት 1 ቶን ገደማ ነው። 10 ኩንታል ማለት ነው። ይሄ ቁጥር ግን የስፖንዳው፣ ማለትም የኋላው የጭነት ቦታ፣ ብቻ አይደለም፤ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠውም ሰው ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ደብል ጋቢናው ውስጥ 5 ሰው ካለ፣ እያንዳንዱ 70 ኪሎ ቢሆን፣ 350 ኪሎ ሄደ። ለቡናው 6 ኩንታል ተኩል ቀረ። ሻርኩ ላይ ከዚህም ያንሳል። አውስትራሊያ የሚሸጠው 790 ኪሎ ነው የሚጭነው። በ5 ሰው ሲቀነስ 4 ኩንታል ከ40 ኪሎ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ለዕይታ የቀረበው የኤሌክትሪክ ሃይሉክስም ጭነቱ 715 ኪሎ አካባቢ ነው። ባትሪ ከባድ ስለሆነ ክብደቱ የሚወጣው ከጭነቱ ላይ ነው።

«ባሌስትራ እናስጨምርለታለን» ይሉኛል። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው ከኋላ አይወርድም፤ ያ ብቻ ነው። ፍሬኑ ያው የድሮው ፍሬን ነው። ጎማውም፣ አክሱሉም፣ መኪናው የተሠራበት ብረት ሻንሲውም ያው ነው። እንዲያውም ወገቡ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ መብዛቱን ዓይን አያየውም። ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው።

ፍሬኑን ግን ላስረዳዎት፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪና ሲያዝ ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ክብደቱ እጥፍ ከሆነ ሙቀቱም እጥፍ ነው። የፍሬን ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቆማል። ከዚያ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ተፈጠረ ማለት ፔዳሉ ወለል ነካ ማለት ነው።

ይሄን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ወጣት ሆኜ የሰው ፒክአፕ እነዳ ነበር። ከሀገረ ሰላም ወደ አለታ ወንዶ ድንችና ጥቅል ጎመን ጭኜ ስወርድ፣ ስንት ኩንታል እንደሆነ እንኳን አልቆጠርኩም። ከጭነቱ ላይ አራት ሰው ተቀምጧል። መንገዱ ግማሽ ላይ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ አንደኛ አስገባሁ። በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር አላትሜ ነው ያቆምኩት። ጋቢና ውስጥ የነበርነው ምንም አልሆንም። ከላይ ከነበሩት አንዱ፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ዛሬም ያነክሳል። ገበያ ላይ ባየኝ ቁጥር ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው።

ስለዚህ እማማ፣ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ ሰው ስፖንዳ ላይ አያስቀምጡ። ቀበቶ የለም፣ መያዣ የለም፤ መኪናው ሲያዝ ሰውየው አብሮት አይያዝም። ሠራተኞቹ በታክሲ ይምጡ፤ የአንድ ቀን የታክሲ ሒሳብ ከወገብ ስብራት ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ፣ 15 ኩንታሉን ከሁለት ይክፈሉት። ሹፌሩ ብቻውን ካለ ጭነቱ የ1 ቶን ፒክአፕ ላይ በሁለት ምልልስ ያልቃል። ቡናው በተደራረበበት ሰሞን ደግሞ አይሱዙ የጭነት መኪና ይከራዩ። ልጅዎ አዲሱን ሲያይ በሩን ይክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ካጣውም መመሪያው ውስጥ አለ። ከአጠቃላይ የተፈቀደው ክብደት ላይ የባዶው ሲቀነስ የሚቀረው ነው ጭነቱ። አሮጌውን ግን በዚህ ሳምንት፣ ሳይውል ሳያድር፣ ጋራዥ ያስገቡት። ፍሬኑንና ሻንሲውን ከሥር ገብቶ የሚያይ ሰው ይፈልጉ። ይሄን ነገር በስልክ ምክር አይጨርሱት።

ኤሌክትሪኩን ለሚገዙ ሌሎች አንባቢዎች፦ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ግሩም ነገር ነው። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመራችሁ ግን ኃይሉ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ሥራው በአብዛኛው ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ከፍታ ቦታ ላይ ያደረ ሰው ጢም አድርጎ አይሙላው።

ፎር ዊሉን ሁልጊዜ አስገብቼ ብነዳ ጎማ ይቆጥባል?

አይቆጥብም፤ ይጨርሳል። ሃይሉክስና ዲማክስ ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል እንዲዞር ይገደዳል። ሲታጠፉ ግን የፊቱ ረዘም ያለ መንገድ ነው የሚሄደው። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መውጫ ስለሌለው መሪው ይከብዳል፣ ካምቢዮው ይጨነቃል። ጭቃ ስትገባ አስገባ፣ አስፋልት ስትወጣ አውጣ።

ቤቴ ባለው ሶኬት ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ?

ትችያለሽ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ከተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል ቢወስድ የሻርኩ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ 15 ሰዓት ይፈጃል። ማታ ሰክተሽ ማደር ነው። አሳሳቢው ግን ሶኬቱ አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የቆዩ ቤቶቻችን ሽቦ ለመብራትና ለቴሌቪዥን ታስቦ የተዘረጋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ሲጎተት ይግላል። የማስረዘሚያ ገመድ ተጠቅመሽማ በፍጹም። መኪናው ግቢ ከመግባቱ በፊት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሪ። ከቆጣሪው ለብቻው መስመር ያውጣልሽ፣ ግራውንዱንም በመሣሪያ ይለካ። በዚህ ላይ ብር ለመቆጠብ አትሞክሪ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሻርኩ በተራው እስከ 6.6 ኪሎዋት መብራት ይሰጣል። ገጠር ላይ መሰርሰሪያና ትንሽ የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። እኔ በዚህ መኪና ላይ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው።

ፒክአፕ ከገዛሁ ጀምሮ ወገቤን ያመኛል

የጎማህን ነፋስ አይተኸዋል? ባሌስትራ ያለው ፒክአፕ ባዶውን ይነጥራል፤ ለጭነት ነው የተሠራው። ጎሚስታው ደግሞ እንደ ልማዱ ለጭነት ይሞላዋል። አብዛኛው ፒክአፕ በሩ ምሰሶ ላይ ለባዶና ለጭነት የተለያየ ልክ ተጽፎበታል። በእሱ አስተካክል። ካልተሻለህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ግቢዬ ይበቃው ይሆን?

ሃይሉክስ ርዝመቱ 5.3 ሜትር ገደማ ነው። ሻርክ 5.46 ሜትር፣ ወርዱም ያለ መስታወቱ 1.97 ነው። በሩን ብቻ አትለካ። ከመንገዱ ታጥፎ የሚገባበትን፣ ከገባ በኋላም የኋላው ስፖንዳ የሚከፈትበትን ቦታ ለካ።