ቅባት እየተቀባህም የፊንጢጣ ኪንታሮቱ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ቅባቱ ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የሆድ ድርቀቱን አይነካም። ሰገራህ እስካልለሰለሰ ድረስ ማማጡ መልሶ ያሳብጠዋል። ሃይድሮኮርቲዞን (እብጠትና ማሳከክ የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ከሆነ ደግሞ ከ7 ቀን በላይ አትቀባው፤ ቆዳውን ያሳሳል።

ሰገራህ እንዲለሰልስ ፋይበር (በአትክልት፣ በፍራፍሬና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው አሰር) በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ያስፈልግሃል። በአንዴ እዚያ አትድረስ፣ ሆድህ ይነፋል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምር። ውኃ ካልጨመርክበት ግን ራሱ ፋይበሩ ሆድህን ያደርቃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሽንት ቤት ስትቀመጥ እግርህን አጭር ዱካ ላይ አሳርፍ፣ ጉልበትህ ከዳሌህ ከፍ ይበል። ከ5 ደቂቃ በላይ አትቆይ (ስልክህን ውጭ ተወው)። ሲያቃጥልህ ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዘፍዝፈህ ተቀመጥ፤ ጨው አያስፈልግም።

ስትጸዳዳ ደም ካየህና ደሙ የጠቆረ ወይም ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ግን ኪንታሮት ነው ብለህ አትለፈው፤ ሐኪም ይይህ።