ጽፎ ማደር ይቻላል ወይ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኢንተርኔት ላይ በመጻፍ መተዳደር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ለሰው ጽፌአለሁ፣ ለራሴም ጽፌአለሁ። ተከፍሎኛል፣ ተበልቼም አውቃለሁ። «የፈለጋችሁትን ጠይቁ» ብዬአችሁ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሼአለሁ።

ጥያቄ፦ ከዜሮ ነው የምጀምረው። ቶሎ ገንዘብ የሚገኘው ከየትኛው ነው?

ለሌላ ሰው ከመጻፍ። የምርት መግለጫ፣ የድረ ገጽ ጽሑፍ፣ ለደንበኞች የሚላክ ኢሜይል፣ የቪዲዮ ስክሪፕት፤ ይህን ሁሉ የሚጽፍላቸው የሚፈልጉ ድርጅቶች ሞልተዋል። ጽሑፉ ዕቃ ስለሚሸጥላቸው ይከፍላሉ። የራስህን ብሎግ ከከፈትክ ግን መጀመሪያ አንባቢ ማፍራት አለብህ፤ አንባቢ ደግሞ በሁለት ወር አይመጣም። ሰው ሲያማክረኝ ሁሌ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? ከደንበኛ፣ ከአንባቢ ወይስ ከማስታወቂያ? ይህን ሳያውቁ ዓመት ሙሉ የሚጽፉ ሰዎች አውቃለሁ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ጥያቄ፦ ፋይቨርና አፕወርክ (ሠራተኛና አሠሪ የሚገናኙባቸው ድረ ገጾች) ያዋጣሉ? ብዙ ይቆርጣሉ ይባላል።

ይቆርጣሉ። ፋይቨር ከሠራሽው 20 በመቶ ይወስዳል፤ የ100 ዶላር ሥራ ላንቺ 80 ዶላር ነው ማለት ነው። አፕወርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ለሁሉም 10 በመቶ አድርጎት ነበር። ከ2025 ጀምሮ ግን እንደ ሥራው ከ0 እስከ 15 በመቶ ይለያያል። በዚያ ላይ ለሥራ ለማመልከት «ኮኔክት» የሚሉትን ነጥብ ትገዢያለሽ። ስለዚህ ያየሽው ሥራ ላይ ሁሉ አታመልክቺ።

ለጀማሪ ግን ያዋጣሉ እላለሁ። ምክንያቱም ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ እንዲያስይዝ ማድረግ ይቻላል። ብቻ መገለጫሽ ላይ «ማንኛውንም ጽሑፍ እጽፋለሁ» አትበይ። የጥርስ ክሊኒክ ያለው ሰው «ለጥርስ ክሊኒኮች የድረ ገጽ ጽሑፍ እጽፋለሁ» ያለችውን ነው የሚቀጥረው።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ሥራ ሳይኖር ምን ላሳይ?

ማንም አላዘዘህም እንጂ መጻፍ አልተከለከልክም። ሦስት ናሙና ጻፍ። ልታገኘው የምትፈልገውን ዓይነት ሥራ ይምሰሉ። አለቀ።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት ልተምን? በቃል ነው በሰዓት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ለ1,000 ቃል 50 ዶላር ሲሉህ ጥሩ ይመስላል። አሁን ሰዓቱን ቁጠር። ማንበብና መረጃ መሰብሰብ ሦስት ሰዓት፣ መጻፍ አራት ሰዓት፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ቀይረው» እየተባለ ማስተካከል ሦስት ሰዓት። አሥር ሰዓት ሠርተህ በሰዓት 5 ዶላር አገኘህ ማለት ነው፤ ያውም ኮሚሽኑ ሳይነሳ። እኔ አሁን ለደንበኛው የምነግረው ለጠቅላላው ሥራ አንድ ዋጋ ነው። የሰዓቱን ስሌት ለራሴ እይዘዋለሁ።

ሁለት ነገር ግን በጽሑፍ ይስፈር። አንደኛ፣ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ ግማሹ ክፍያ ሥራው ሳይጀመር። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ስድስት ጽሑፍ ተቀብሎኝ ላሽ አለ። ጽሑፎቹ በሌላ ሰው ስም ወጥተው አየኋቸው። ውል የለኝ፣ ቅድመ ክፍያ የለኝ፣ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «ፎቶ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ተይቢ፣ በገጽ ይከፈልሻል» አሉኝ። እውነት ነው?

ሽወዳ ነው እህቴ። ትተይቢያለሽ፣ ትጨርሻለሽ፣ ከዚያ «ክፍያሽን ለማስለቀቅ» ወይም «ለመመዝገቢያ» ትንሽ ገንዘብ ላኪ ይሉሻል። ቀጣሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። «ለፈተና» ብለው ሙሉ ጽሑፍ በነፃ የሚያስጽፉትንም ሽሺያቸው። አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ብሎግ ላይ የጉግል ማስታወቂያ ብለጥፍስ?

አድሴንስ የሚባለው የጉግል ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ይሠራልም። ግን ሒሳብህ 100 ዶላር ሳይሞላ አይከፍልህም። ትንሽ ጎብኚ ላለው ብሎግ ያቺን 100 መሙላት ወራት ሊወስድ ይችላል። ደግሞ የምትጽፍበት ቋንቋ ከሚደግፏቸው ውስጥ መኖሩን ሳታይ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ሚዲየም ይሻላል ሰብስታክ?

ሁለቱም ጽሑፍህን የምታወጣባቸው ድረ ገጾች ናቸው። ሚዲየም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አባላቱ ከሚያዋጡት ላይ ለጸሐፊዎች ያካፍላል። አንባቢው ግን የሚዲየም ነው፤ አሠራሩን ሲቀይሩ ገቢህም አብሮ ይቀየራል። ሰብስታክ ላይ አንባቢው በቀጥታ ለአንተ ይከፍላል። እነሱ 10 በመቶ ይወስዳሉ፣ የካርድ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ስትራይፕም የራሱን ይቆርጣል። 200 ሰው በወር 5 ዶላር ቢከፍልህ 1,000 ነው፤ ሰብስታክ 100 ያነሳል፣ ስትራይፕ ደግሞ ከእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን።

ምርጫዬ ሰብስታክ ነው። የተመዝጋቢዎችህን ኢሜይል ይዘህ መውጣት ትችላለህ። ግን ስትራይፕ በሁሉም አገር አይሠራም። ከመጀመርህ በፊት ገንዘቡ እጅህ እንዴት እንደሚገባ አጣራ። ጽፈው ጽፈው ገንዘቡን ማውጣት ያቃታቸው አሉ።

ጥያቄ፦ አማዞን ላይ መጽሐፍ ላወጣ ነው። በ0.99 ዶላር ብሸጥ ብዙ ሰው አይገዛኝም?

ሊገዛ ይችላል፣ አንተ ግን ከአንዱ 35 ሳንቲም ገደማ ነው የምታገኘው። ለኢ-መጽሐፍ 70 በመቶ የሚከፍሉት ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሆን ነው፤ ያውም በተወሰኑ አገሮች ለሚሸጠው። ከዚያ ውጭ 35 በመቶ ነው። እኔ ብሆን በ2.99 እጀምራለሁ። ከሽፋንና ከአርታኢ ላይ ግን አትቆጥብ።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ እያለ ማን ለጸሐፊ ይከፍላል?

ለተራ ጽሑፍ የሚከፍለው ቀንሷል፣ አልዋሽህም። እኔ ራሴ ሁለት ደንበኞች ሄደውብኛል። አማዞንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አንድ ሰው በቀን ከ3 በላይ አዲስ መጽሐፍ እንዳይጭን ገድቧል፤ በማሽን የተጻፈ ከሆነ አሳውቁ ይላል። ያልሄደው ሥራ ሰው አነጋግሮ መጻፍ የሚጠይቀው ነው። ባለሙያ ደውለህ ጠይቀህ፣ ቦታው ድረስ ሄደህ አይተህ የምትጽፈው። እኔን አሁን የሚያኖረኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በወር ስንት ታገኛለህ?

ዕድሜና ደሞዝ አይጠየቅም! አንዱ ወር ያስቃል፣ ሌላው ያስለቅሳል። የሦስት ወር ወጪህን ሳታስቀምጥ መደበኛ ሥራህን አትልቀቅ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ ልጄ። ለእኔ አልረፈደም?

እማማ፣ እርስዎማ ከብዙዎቻችን ይቀድማሉ! የጤና ጽሑፍ የሚያሠሩ ሰዎች የሚቸገሩት ጉዳዩን የሚያውቅ ጸሐፊ በማጣት ነው። ሠላሳ ዓመት ሕመምተኛ ያነጋገረ ሰው ስለ ስኳር በሽታ ሲጽፍ ያስታውቃል። ሦስት ናሙና ይጻፉ፤ ሐኪም ለታማሚ እንደሚያወራው ሳይሆን እርስዎ አልጋው አጠገብ ቆመው እንደሚያስረዱት። ሲጨርሱ ይላኩልኝ፣ አነብልዎታለሁ።