ስንቴ ሰማችሁት?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ያለቀው በሬዲዮ ማስታወቂያ ሥራ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ጭንቀቱ «ምን ብንል ይሻላል?» ነው። እኛ ግን የምንከራከረው በቀን ስንት ጊዜ ይተላለፍ በሚለው ላይ ነበር። ቃሉ ደህና ከሆነ በቂ ነው፤ የቀረውን ድግግሞሹ ይጨርሰዋል።

የሙያው ሰው በልምድ የሚያውቀውን በሙከራ ያሳየው ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ዛዮንስ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላትና የቻይና ጽሕፈት የሚመስሉ ምልክቶችን አንዳንዱን አንዴ፣ አንዳንዱን እስከ 25 ጊዜ ለተማሪዎች አቀረበ። ከዚያ የትኛው መልካም ነገር የሚል ይመስላችኋል ብሎ ጠየቃቸው። ደጋግሞ የታየው መልካም ተባለ። ምልክቱ እኮ ፊታቸው ከመመላለስ በቀር ያደረገላቸው ነገር የለም! በ1980 ደግሞ ከዊልያም ኩንስት ዊልሰን ጋር ቅርጾችን ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ብልጭ አደረጉ። ሰዎቹ የትኛውን እንዳዩ መለየት አቃታቸው፤ የወደዳችሁትን ምረጡ ሲባሉ ግን ብዙውን ጊዜ የታየውን መረጡ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ አንድ ዘፈን በየቪዲዮው ሥር ሲከተላችሁ ሰንብቶ «ወደድኩት» ስትሉ፣ እስኪ ስንቴ እንደሰማችሁት አስቡ። ዘፈን ብዙም አይጎዳም። ወሬ ግን ይጎዳል። በ1977 ሃሸር፣ ጎልድስቲንና ቶፒኖ የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ዓረፍተ ነገሮችን በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ አሰሟቸው። የተደጋገመው፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ይበልጥ እየታመነ ሄደ። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ሕዝብ የሰማችሁትን ክፉ ነገር «ሁሉም ይለዋል» ብላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ከአንድ ምንጭ ቀድቶ እንደሆነ ጠይቁ።

ነገሩ ለእናንተም ይሠራል። ሥራ የጀመራችሁ፣ የምትናገሩት ባይኖራችሁም ከስብሰባ አትቅሩ። በ1992 ሞርላንድና ቢች አራት ሴቶችን ለየብቻ ወደ አንድ የኮሌጅ ክፍል ላኩ፤ አንዷ 15 ጊዜ፣ አንዷ 10፣ አንዷ 5 ጊዜ ስትገባ አንዷ ጭራሽ አልገባችም። ማንንም አላናገሩም። በመጨረሻ ፎቷቸው ለተማሪዎቹ ሲታይ፣ ብዙ የተመላለሰችው ይበልጥ ተወደደች። ብቻ ገና ከመነሻው የጠላችሁ ሰው ፊት መመላለስ ጥላቻውን ሊያባብሰው ይችላል፤ እዚያ መጀመሪያ ቅያሜው ይፈታ።

«ታዲያ መልካም ሥራ ምን ዋጋ አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ዋጋማ አለው። በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አለ። የተከበሩት ሠዓሊ የጆን ሚሌይን ሥዕሎችና ለገበያ ይሥል የነበረውን የቶማስ ኪንኬድን ሥዕሎች ለተማሪዎች ደጋግመው አሳዩ። የኪንኬድ ሥዕሎች በታዩ ቁጥር መወደዳቸው ቀነሰ፤ የሚሌይ ግን እንዲያ አልሆኑም።