የአያት ረጅም ዕድሜ በአምስት ደቂቃ

ጥያቄ፦ የቤተሰባችን ምሰሶ የነበሩት ሴት አያታችን በ94 ዓመታቸው አርፈዋል። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ። በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ተመርጫለሁ፤ የተፈቀደልኝ አምስት ደቂቃ ነው። የልደት ቀናቸው በመታወቂያቸውና በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ይለያያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የቀኑን ጉዳይ እናስቀድም። የጥምቀት መዝገብ ብዙውን ጊዜ የልደትንም የጥምቀትንም ቀን ይይዛል፤ ሰው ሲገለብጥ ሁለቱን ያምታታቸዋል። ስለዚህ ዋናውን መዝገብ ይመልከቱ። የሚገኘው በተጠመቁበት ማኅበረ ምእመናን ነው፤ ሲያገቡ ስም ቀይረው ከሆነ በቀድሞው ስማቸው እንዲፈለግ ያድርጉ። ካልጠራ ዓመቱን ብቻ ይጻፉ።

አምስት ደቂቃ በሐዘንተኛ ፊት ቀስ ተብሎ ሲነበብ ቢበዛ 400 ቃል ነው። የስም ዝርዝር ግማሹን ይበላዋል፤ ልጆቻቸውን በስም፣ የልጅ ልጆችን በቁጥር ይጥቀሱ። በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ካለ አይዝለሉት፤ እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆጥረው ኖራለች።

«ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ጸሎተኛ» የሚለው ለማንም ይነበባል፤ እሳቸውን አያሳይም። የመዝሙር መጽሐፋቸውን ይክፈቱ። ጠርዙ በጣት የጠቆረው የትኛው ገጽ ነው? በእርሳስ የተጻፈበት ቀን አለ? ያን መዝሙር በስሙ ይጥቀሱ፤ ጉባኤውም ቢዘምረው መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የተሰየመችበት ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ያወጣው ትንሹ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የእምነት ትምህርት መጽሐፍ) በቤት ውስጥ እንዲጠና ጭምር የተጻፈ ነውና፣ እሳቸው ልጆቹን በቃል ያስጠኑት ክፍል ካለ ልጆቹን ይጠይቁ። የእምነት ማጽኛ ትምህርት (የተጠመቀ ሰው እምነቱን በራሱ አፍ ለመመስከር የሚማረውን) ሲጨርሱ የተሰጣቸው ጥቅስ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ለቄሱ ያድርሱ፤ ስብከቱ በእርሱ ላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ «በመልካም ሥራቸው መንግሥተ ሰማያትን ወረሱ»። ሉተራውያን ሰው የሚጸድቀው በጸጋ፣ በእምነት ብቻ ነው ይላሉ፤ ይህ አባባል ከስብከቱ ጋር ይጋጫል። ያበሉትን፣ ያሳደጉትን፣ ያስታረቁትን ግን በሙሉ ልብ ይተርኩ። የእምነታቸው ፍሬ ነው።

ንባቡ ከስብከቱ በፊት ይሁን በኋላ የየአጥቢያው ልማድ ይወስነዋል፤ ቄሱን ይጠይቁ፣ ጽሑፉንም ከአንድ ቀን በፊት ያሳዩዋቸው። በትልልቅ ፊደል፣ በየወረቀቱ በአንድ በኩል ብቻ ያሳትሙት። ዕንባ ድምፅ ይዘጋልና ሁለተኛ ቅጂ የያዘ ሌላ አንባቢ አጠገብዎ ይቁም።