ዳን ራዘርን የጣለው ያ ወረቀት ብቻ ነው ወይ?

እህቴ፣ ስለ አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። «ዳን ራዘር ያን ሁሉ ዘመን ሠርቶ በአንድ ዘገባ እንዴት ወደቀ? የአሜሪካ የምሽት ዜና ተመልካች ያጣውስ በእሱ ምክንያት ነው?» ብለሻል። እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ግን ዋሽንግተን አካባቢ ባለ አንድ የአካባቢ ጣቢያ፣ ማስተር ኮንትሮል ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከኒውዮርክ የሚመጣውን የኔትወርክ (የአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ድርጅት) ስርጭት እየተቀበልን እናሳልፋለን፤ በየመሃሉ የሰፈሩን ማስታወቂያ እናስገባለን። የምሽት ዜናን የማውቀው ከጓዳው በኩል ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

እኛ አገር ዜና አንባቢ የተሰጠውን ያነባል፤ ስህተት ቢገኝ የሚጠየቀው አዘጋጁ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኔትወርክ የምሽት ዜና አቅራቢ ሌላ ነው። ራዘር ከሦስቱ ትልልቅ ኔትወርኮች አንዱ የሆነው የሲቢኤስ የምሽት ዜና አቅራቢም ማኔጂንግ ኤዲተርም (የዜናው ዋና አዘጋጅ) ነበር። በ1981 ወንበሩን የተረከበው ከዋልተር ክሮንካይት ነው፤ በአገሩ ከሁሉ በላይ የሚታመን ይባል ከነበረው ሰው። ስለዚህ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ዘገባ እንኳ በእሱ አፍ ከወጣ የእሱ ነው።

አሁን ወደ ዘገባው። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2004፣ ፕሬዚዳንት ቡሽና ተፎካካሪው ኬሪ ለምርጫ ሲተናነቁ፣ «60 ደቂቃ» የተባለው የሲቢኤስ የረቡዕ ፕሮግራም ቡሽ በወጣትነቱ በቴክሳስ የአየር ብሔራዊ ዘብ (የክፍለ ግዛቱ ተጠባባቂ አየር ኃይል) ግዳጁን በአግባቡ አልተወጣም የሚል ዘገባ አቀረበ። ማስረጃ የተባሉት አለቃው የነበረው ኮሎኔል ኪሊያን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጻፋቸው የተባሉ ማስታወሻዎች ናቸው። ኪሊያን በ1984 ሞቷል። ወረቀቶቹ ደግሞ ፎቶኮፒ ነበሩ፤ ዋናው የለም። በሰዓታት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰዎች ፊደሎቹን መመርመር ጀመሩ። የፊደሎቹ አቀማመጥና ከቁጥር በኋላ ከፍ ብላ የምትጻፈው ትንሿ «ቲኤች» የታይፕራይተር ሳይሆን የማይክሮሶፍት ወርድ ይመስላሉ አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ሲቢኤስ እጅ የገቡት ሴፕቴምበር 2 ነው። ቀሪዎቹ በ5 መጡ። በ8 አየር ላይ ዋሉ! ሰነዶቹ እንዲታዩ ከተሰጣቸው ባለሙያዎች አንዳቸውም እውነተኛ ናቸው ብለው ሙሉ ማረጋገጫ አልሰጡም። ራዘር ራሱ በዚያው ሰሞን የሪፐብሊካኖችን ጉባኤ ዘግቦ፣ ወዲያው ፍሎሪዳን የመታውን አውሎ ነፋስ ሊዘግብ ሄዶ ነበር። መቼ ቁጭ ብሎ ያጣራል? ዘገባውን ያዘጋጀችውን ፕሮዲዩሰር ሜሪ ሜፕስን አመናት። ለምን አያምናት? የአሜሪካ ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ፣ አቡ ግራይብ እስር ቤት፣ እስረኞችን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩትን ፎቶዎች በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ ለዓለም ያሳዩት አብረው ነው። በእኔ ግምት የጠለፋቸው ያ ስኬት ነው። ትልቅ ዜና ይዞ ለመጣ ሰው አለቃ ጥያቄ ያሳጥርለታል። እኛም ትንሿ ጣቢያ ውስጥ ይህን አይቻለሁ። ጎበዙ ሪፖርተር ያመጣው ስክሪፕት በአንድ ዓይን ይታያል፣ የጀማሪው ግን በቀይ እስክሪብቶ ይጨማለቃል።

ከወረቀቶቹ ይልቅ የጎዳው ግን ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ናቸው ባይ ነኝ። ሲቢኤስ እስከ ሴፕቴምበር 20 ድረስ ዘገባውን ሲከላከል ቆየ። ራዘርም አየር ላይ ወጥቶ ተሟገተ። መሃል ላይ የኪሊያን ጸሐፊ የነበረችውን አሮጊት አቀረቡ። እሷም ወረቀቶቹን እኔ አልጻፍኳቸውም፣ ሐሳቡ ግን የእሱ ሐሳብ ነው አለች። ይህን ይዘው ደግሞ መከራከሪያ ሊያደርጉት! እኛ ጣቢያ አንድ ስም በስህተት ካለፈ ስልኩ ይጮሃል፤ ፕሮዲዩሰሩ ይሳደባል፤ በሚቀጥለው ዜና ይታረማል፤ በቃ። ትልቁ ቤት ግን ስሙ ከትልቅነቱ የተነሳ ለማረም ቀናት ፈጀበት።

ከዚያ ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። ጃንዋሪ 2005 ላይ 224 ገጽ ሪፖርት ወጣ። ሜፕስ ተባረረች፤ ሌሎች ሦስት ኃላፊዎች ልቀቁ ተባሉ። ልብ በይ፣ ቡድኑ ሰነዶቹ ፎርጅድ ናቸው ብሎ አልደመደመም። ያጠፋችሁት በማጣራቱ ላይ ነው ነው ያላቸው። ራዘር ማርች 9 ቀን 2005፣ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ልክ በ24ኛ ዓመቱ፣ ተነሣ። በ2006 ከሲቢኤስ ወጣ። በ2007 ጥፋቱን ሁሉ እኔ ላይ ደፈደፉት ብሎ 70 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገበት።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን አልስማማም። የምሽት ዜናው ከእሱ በፊት ታሞ ነበር። በ1980 ሦስቱ ኔትወርኮች (ሲቢኤስ፣ ኤቢሲና ኤንቢሲ) ተደምረው በምሽት ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ነበራቸው። በዚያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ዜና የሚያቀርበው ሲኤንኤን ተከፈተ። ቀጥሎ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሦስቱም ባለቤት ቀየሩ። ኤቢሲን ካፒታል ሲቲስ የተባለ ኩባንያ፣ ኤንቢሲን ጄኔራል ኤሌክትሪክ ወሰዱ፤ ሲቢኤስ በባለሀብቱ በሎረንስ ቲሽ እጅ ገባ። በ1987 ቲሽ ከዜና ክፍሉ ከ200 በላይ ሰው አሰናበተ። ራዘር ራሱ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ተቃውሞ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የቴኒስ ውድድር የዜናውን ሰዓት ሊበላ ነው ብሎ ተቆጥቶ ማያሚ ላይ ከስቱዲዮው ወጣ። ቴኒሱ ቶሎ አለቀ፤ እሱ የለም። ስክሪኑ ለ6 ደቂቃ ጥቁር ሆነ። ማስተር ኮንትሮል ለሠራ ሰው 6 ደቂቃ ማለት ላብ በላብ የሚያደርግ ነገር ነው፤ እኛ 6 ሰከንድ እንኳ አንችልም።

እኔ ሥራ ስጀምር ለአንድ ዘገባ ሪፖርተር፣ ካሜራማንና ኤዲተር ይወጡ ነበር። ስለቅ አንዲት ልጅ ብቻዋን ካሜራ ተሸክማ፣ ቀርጻ፣ መኪና ውስጥ ኤዲት አድርጋ፣ ራሷ ቆማ ታቀርባለች። ግማሽ ሰዓት የሚባለው የኔትወርክ ዜና ማስታወቂያው ሲወጣለት 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ማስታወቂያውም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የፊኛ፣ የልብ መድኃኒት ብቻ ሆነ። ማን ቀርቶ እንደሚያይ ከዚያ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ሦስቱ ተደምረው 20 ሚሊዮን አይሞሉም፣ ሕዝቡ ደግሞ ከ1980 በመቶ ሚሊዮን ገደማ ጨምሯል።

ግን አቅሙን አንርሳ። ኦክቶበር 1984 ላይ ቢቢሲ ከኮረም ያመጣውን የረሃብ ምስል ኤንቢሲ በቶም ብሮካው የምሽት ዜና ላይ ሲያሳየው አሜሪካ ተነቃነቀ። ዛሬ ያ ምስል ቢመጣ ስንት ሰው በአንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያየዋል?

የኤንቢሲ የምሽት ዜና አቅራቢ የነበረውን ብራያን ዊሊያምስን ከራዘር ጋር የሚያመሳስሉ አሉ፤ እኔ አላመሳስላቸውም። ዊሊያምስ በ2003 ኢራቅ ውስጥ የነበርኩበት ሄሊኮፕተር ተመቶ ነበር እያለ ስለ ራሱ የተረከው ታሪክ ውሸት ሆኖ ተገኘ። በ2015 ያጋለጡት እዚያው የነበሩ ወታደሮች ናቸው። ስድስት ወር ያለ ደሞዝ ታገደ፤ ወንበሩ ለሌስተር ሆልት ተሰጠ። ራዘር ስለ ራሱ አልዋሸም፤ ያላጣራውን አመነ።

ለትምህርት ከሆነ የምትጠይቂው፣ ያንን 224 ገጽ ሪፖርት ፈልጊ። ጊዜ ካጠረሽ ከስርጭቱ ማግስት እስከ ሴፕቴምበር 20 ያለውን ክፍል ብቻ አንብቢ።