መጽሐፍ ሻጩ ጄኔራል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አሜሪካ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ኬንተኪ ውስጥ በፎርት ኖክስ በኩል ስናልፍ አብሮኝ የሚነዳው ጓደኛዬ «ኖክስ ማለት ወርቁን እዚያ ያስቀመጠው ሀብታም ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ «የለም፣ ወታደር ነው» ብዬ ተከራከርኩ። አንዳንዶች ፖለቲከኛም ነበር ይላሉ። ሰውዬው ማን ነው? ከጦር ሜዳ ወደ ፖለቲካ መግባቱስ አዋጣው? እስቲ ይገላግሉን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምሳ ውርርድ ካለ ጋባዡ ጓደኛህ ነው። ሄንሪ ኖክስ ያንን ወርቅ በዓይኑም አላየው። የአሜሪካ መንግሥት የወርቅ ማከማቻ እዚያ የተሠራው በ1936 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ሰውዬው ከሞተ ያኔ 130 ዓመት ሆኖታል። ስሙ ለቦታው የተሰጠው ቀደም ብሎ ነው፤ በ1918 እዚያ የመድፈኞች ካምፕ ሲቋቋም። ለመድፈኞች ካምፕ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ስም አይገኝም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ በወጣትነቴ ፒያሳ መጽሐፍ አዟሪ ነበርኩ። ስለዚህ ለዚህ ሰው ትንሽ ባደላ አይፈረድብኝም።

ኖክስ ቦስተን ውስጥ በ1750 ተወለደ። አባቱ መርከብ ሠሪ ነበር፣ ከሰረ፣ ቤተሰቡን ትቶ ወደ ካሪቢያን ሄደ፣ እዚያው ሞተ። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ተቀጠረ። እናቱንና ታናሽ ወንድሙን የሚያኖረው እሱ ነበር። በ1771 የራሱን መጽሐፍ ቤት ከፈተ። እንግዲህ መጽሐፍ ሻጭ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዋጋውን ብቻ የሚያውቅና ውስጡን የሚያነብ። ኖክስ አንባቢው ነበር። በተለይ የጦር ምህንድስናና የመድፍ መጽሐፍ እጁ ከገባ አይለቅም። የእንግሊዝ መኮንኖች ደንበኞቹ ነበሩ፤ መጽሐፍ እየሸጠላቸው ሙያቸውን ይጠይቃቸው ነበር ይባላል። ኋላ በዚያው እውቀት ወጋቸው።

የጦር ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። የቦስተን የበጎ ፈቃድ ሚሊሻ ውስጥ ከመሰልጠን በቀር ሌላ የወታደርነት ልምድ አልነበረውም። በ1773 ለአደን ወጥቶ ጠመንጃው ፈንድቶበት የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጥቷል። ከዚያ በኋላ ያንን እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ነበር የሚሄደው።

ሚስቱ ሉሲ ፍለከር ደግሞ የማን ልጅ መሰለችህ? አባቷ የእንግሊዝ ንጉሥ ሹም ነበር፣ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ዋና ጸሐፊ። ቤተሰቡ «ከመጽሐፍ ሻጭ ጋር?» ብሎ አኮረፈ። እሷ በ1774 አገባችው። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ያካሄዱት ጦርነት ሲጀመር ባልና ሚስቱ ከቦስተን ሾልከው ወጡ፣ መጽሐፍ ቤቱ ተዘረፈ። ወላጆቿ ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ዳግም አላየቻቸውም። ስለ ኖክስ ስናወራ እሷን የምንረሳት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከእሱ ይልቅ ብዙ የከፈለችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። 1775 መጨረሻ ላይ የአሜሪካኖቹ ጦር አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን እንግሊዞች የያዟትን ቦስተን ከቧል፣ ነገር ግን በቂ ከባድ መድፍ የለውም። የ25 ዓመቱ ኖክስ «ፎርት ቲኮንደሮጋ ላይ የተማረኩ መድፎች አሉ፣ እኔ አመጣለሁ» አለ። ቦታው በሰሜን ኒው ዮርክ ነው። መንገዱ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጭነቱ ወደ 60 ቶን፣ ወቅቱ ክረምት። አንተ ሾፌር ስለሆንክ ጭነቱ ይገባሃል። 59 መድፍ መረጠ። መጀመሪያ በጀልባ ሐይቁን አሻገረ። ከዚያ 42 በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ጋሪዎች አሠርቶ፣ 80 ጥማድ በሬ እንዳዘጋጀ ለዋሽንግተን ጻፈ። በሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ እደርሳለሁ ብሎም ተስፋ ሰጠ። ወጣት አይደል! መጀመሪያ በረዶ ጠፋ፤ ጋሪው መሬት ላይ አልንሸራተት አለ። ቀጥሎ በረዶው ከልክ በላይ መጣ። ኦልባኒ አጠገብ የሐድሰንን ወንዝ ሲያቋርጡ ግግሩ ተሰብሮ አንድ ትልቅ መድፍ ወንዙ ውስጥ ገባ። የከተማው ሰው ወጥቶ አብሮ ጎትቶ አወጣው። ኖክስም ለውለታቸው መድፉን «ኦልባኒ» ብሎ ሰየመው። የበርክሻየር ተራሮች ላይ ደግሞ ችግሩ ዳገቱ ብቻ አልነበረም፤ ቁልቁለቱ ባሰ። ጋሪው በሬዎቹን እንዳይደፈጥጣቸው በገመድ ከዛፍ እያሰሩ ቀስ አድርገው ያወርዱት ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ ደረሰ። መጋቢት መግቢያ ላይ በአንድ ሌሊት መድፎቹን ዶርቼስተር ኮረብታ ላይ ጠመዷቸው። እንግሊዞች ጠዋት ቀና ሲሉ ከተማውም ወደቡም ከመድፍ አፍ ሥር ነው። መጋቢት 17 ቀን 1776 ከቦስተን ለቀው ወጡ። ቦስተን እስከ ዛሬ በዓሉን ታከብራለች።

ከዚያ በኋላ ከዋሽንግተን አልተለየም። በ1776 የገና ሌሊት ጦሩ የዴላዌርን ወንዝ ሲሻገር በጨለማው ውስጥ ትእዛዝ ሲያስተጋባ የነበረው የእሱ ድምፅ ነው፤ ሰውነቱም ድምፁም ግዙፍ ነበር። በ1783 ዋሽንግተን ኒው ዮርክ መኮንኖቹን ሲሰናበት መጀመሪያ አቅፎ ያለቀሰው ኖክስን ነው።

ፖለቲካው አዋጣው ወይ ላልከው፣ ግማሽ በግማሽ ነው። በ1789 በአዲሱ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነ። መምሪያው ትልቅ እንዳይመስልህ፣ ጦሩ ራሱ አንድ ሺህ አይሞላም ነበር። የነባር ሕዝቦች ጉዳይም የእሱ ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት ለዋሽንግተን የጻፈውን አንብቤ ገርሞኛል። መሬቱ ቀድመው የሰፈሩበት ሰዎች ነው፤ በፈቃዳቸው ወይም በፍትሐዊ ጦርነት ካልሆነ ሊወሰድባቸው አይገባም ይላል። በ1790 ከክሪክ ሕዝብ ጋር ውል ተፈረመ። ወረቀቱ ግን ሰፋሪውን አላቆመም። መንግሥትም ወደ ኦሃዮ ጦር ላከ፣ በ1791 ከ600 በላይ ወታደር በአንድ ጠዋት አለቀ። ያንን ጦር ያደራጀው የኖክስ መሥሪያ ቤት ነው፣ ስንቁም መሣሪያውም የረባ አልነበረም። በሌላ በኩል በ1794 የስድስቱ የጦር መርከቦች ሕግ የወጣው በእሱ ጊዜ ነው። ከስድስቱ አንዷ፣ «ኮንስቲቲዩሽን»፣ ዛሬም ቦስተን ወደብ ላይ ቆማለች።

የማልደብቅህ ግን በዚያው 1794 የውስኪ ግብር አመፅ ሲነሳ ዋሽንግተን ራሱ ጦር ይዞ ሲዘምት፣ የጦር ሚኒስትሩ ፈቃድ ወስዶ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ሜይን ነበር። ለምን? ለመሬቱ! ከሚስቱ ቤተሰብ ርስት አብዛኛውን በእጁ አስገብቶ ነበር። ሥራውን የገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሚልተን ሸፈነለት፤ ኖክስም ዓመቱ ሲያልቅ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሜይን ላይ መሬቱን ሲያርሱ ከቆዩ ድሆች ጋር ሲካሰስና ሲጣላ ኖረ። ስለ ነባር ሕዝቦች መሬት ያንን የጻፈ እጅ ነው እንግዲህ። ኖራ፣ እንጨት፣ ጡብ፣ መርከብ፣ ያልሞከረው ንግድ የለም፤ ዕዳው ብቻ በዛ። ከ13 ልጆቻቸው ለአቅመ አዳም ሔዋን የደረሱት ሦስት ናቸው። በ1806 የዶሮ አጥንት ውጦ፣ ቁስሉ መርዞበት በ56 ዓመቱ ሞተ።

ጭነት ወደ ሜይን ከወሰደህ ቶማስተን ከተማ ጎራ በል። የኖክስ ቤት በ1871 ለባቡር ሐዲድ ተብሎ ፈርሷል። አሁን ያለው በኋላ በአምሳያው፣ ከዋናው ቦታ ራቅ ብሎ የተሠራ ሙዚየም ነው። ከመሄድህ በፊት ስልክ ደውል፣ በብርዱ ወራት ላይከፍቱልህ ይችላሉ።