ከጎረቤት የተረፈ የተቅማጥ መድኃኒት ለሕፃን ይሰጣል ወይ?

እህቴ፣ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅዎን ከትናንት ጀምሮ እንደሚያስቀምጣት፣ ጎረቤትዎም ለራሳቸው ልጅ ታዝዞ የተረፈ የሜትሮኒዳዞል ሽሮፕና ጥቂት የሎፔራማይድ ክኒን እንደሰጡዎት ገልጸው ልስጣት ወይ ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ ሁለቱንም አይስጧት። ይህን የምለው በራሴ ልጅ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት በክረምት፣ አዘዞ እንኖር በነበረበት ጊዜ፣ የቧንቧ ውኃ ከሳምንት በላይ ጠፍቶብን በጀሪካን የተቀዳ ውኃ እንጠቀም ነበር። ወንዱ ልጄ ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር። ተቅማጡ ሲበረታበት አንዲት ዘመዳችን «ጥርሱ ነው፣ አስነቅይው» አሉኝ፤ የወተት ጥርስ ማስነቀል ሌላ ቁስልና ሌላ በሽታ እንደሚያመጣ ስለማውቅ እምቢ አልኩ። ነገር ግን ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሎፔራማይድ ገዛሁና፣ ሻጩ እንደነገረኝ የክኒኑን ሩብ ፈጭቼ በማንኪያ ሰጠሁት። እስከ ማታ አንድ ጊዜ እንኳ ስላላስቀመጠው ዳነልኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ሌሊት ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ጡት እምቢ አለ፣ ሲያለቅስ እንባ አልወጣውም፤ እርግብግቢቱን በጣቴ ስዳስሰው ጎድጉዷል። ሲነጋ በባጃጅ ወደ ሕክምና ሮጥን። የተቀበለችን ነርስ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ ምን እንደሰጠሁት ነበር።

በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ሎፔራማይድ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል እንጂ በሽታውን አያጠፋም፤ ስለዚህ ጨርቁ ደረቅ ቢሆንም ውኃው አንጀት ውስጥ እየተጠራቀመ የልጁ ሰውነት መድረቁን ሊቀጥል ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ የማይሰጥ መድኃኒት ነው። አዋቂም ቢሆን ሰገራው ደም ካለበት ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ሊወስደው አይገባም፤ ከታዘዘው በላይ ሲወሰድ ደግሞ የልብ ምትን እስከ ማዛባት ይደርሳል።

ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሆኖም በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ውኃማ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ስለሆነ ሽሮፑ አንዳች አይጠቅማትም፤ ማቅለሽለሹ ግን መጠጣት እንኳ ሊያስጠላት ይችላል። መጠኑም በክብደት የሚሰላ ስለሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ልክ የጎረቤትዎ ልጅ ልክ ነው። ሽሮፑ መትረፉ ራሱ ያሳስበኛል፤ የታዘዘላት ልጅ ሳትጨርሰው አቋርጣ ሊሆን ይችላልና።

አሁን ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት ኦአርኤስ፣ በውኃ ተበጥብጦ በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካውን፣ እኛ ለምለም የምንለውን ዱቄት፣ ከዚንክ ጋር ያግኙ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ውኃው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውኃ የሚበጠበጥ ሲሆን፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አይተው ያረጋግጡ። እኔ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ለክቼ ንጹሕ ጆግ ውስጥ እገለብጥና ከረጢቱን በሙሉ እጨምርበታለሁ፤ በብርጭቆ ገምቶ ወይም ከረጢቱን ከፍሎ መበጥበጥ ጨው ያበዛበታል ወይም ያቀጥነዋል። ስኳር አይጨመርበትም፣ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውም ይደፋል። ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያደረጉ ይስጧት፤ ካስመለሳት አሥር ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይጀምሩ። ጡትም ምግብም አይከልክሏት። ዚንኩ ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፤ በማንኪያ ውኃ ሟሙቶ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10ኛው ቀን ይሰጣል።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ሰገራው ደም ሲኖረው። ያን ጊዜ መርምሮና መዝኖ የሚያዝዘው ሐኪም ነው፤ የታዘዘውም ልጁ የተሻለው ቢመስል እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን ይወሰዳል። በቤትዎ ላሉ አዋቂዎችም ልጨምር፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከወተት ወይም ከብረትና ከዚንክ ክኒን ጋር አብሮ ከተወሰደ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ደግሞ ጠላም አረቄም እንዳይቀምስ ይመከራል።

ልጅዎ መጠጣት ካቃታት፣ ያገኘችውን ሁሉ ካስመለሳት፣ ዓይኗ ከሰረጎደ፣ እንደ ወትሮዋ መንቃት ካቃታት፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ደም ካዩ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ይውሰዷት። በመንገድ ላይም ለምለሙን በማንኪያ መስጠት አያቋርጡ። የጎረቤትዎን ጠርሙስና ክኒን ይዘው ይሂዱ፤ ከሁለቱ የቀመሰችው ካለም ምን ያህል እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሰጧት ሳይደብቁ ይንገሯቸው።